ጥሬ ምስል፦ ከፒዲኤፍ በፊት ያለው ፋይል

ሸዋ ሮቢት ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች «ፒዲኤፍ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የትምህርት ማስረጃው፣ መታወቂያው፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በስልክ ተነስቶ ይመጣል፤ ባለሙያው ጠርዙን ቆርጦ፣ ገጹን አቅንቶ በቴሌግራም ይልከዋል። ለማመልከቻ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ከተማዋ ያለችበት ይፋት ግን ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት ምድር ነው። በአርጎባ ሊቃውንት ዘንድ ኪታብ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ ብራና አለ። እነዚህ በዚያው መንገድ ሲነሱ የሚጠፋው ብዙ ነው።

የካሜራው ዳሳሽ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ። ልኬቱ ሳይነካ የተቀመጠበት ፋይል ጥሬ ምስል፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሮው ነው። ባለ 14 ቢት ካሜራ ለእያንዳንዱ ነጥብ እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃ ይመዘግባል። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ግን በየቀለሙ የሚያስቀረው 256 ብቻ ነው። በቡናማ ወረቀት ላይ የደበዘዘ ቀለም ከወረቀቱ የሚለየው በእነዚያ በተጣሉት ደረጃዎች ሊሆን ይችላል። የተፈጨ ማሽላ ተመልሶ እህል እንደማይሆን ሁሉ፣ ጄፔጉን በየትኛውም ፕሮግራም ብንለውጠው የጣለውን አይመልስም።

አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ፒዲኤፍም ፎቶውን ገጽ ያደርገዋል እንጂ ፊደሉን አያነብም። በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ አንድ ስም ብንፈልግ ኮምፒውተሩ አያገኝልንም። እንደ ቴሰራክት ያሉ ፊደል ለቃሚ ፕሮግራሞች የታተመ አማርኛ ያነባሉ፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ያስቸግራቸዋል።

ሲነሳ ያልተያዘ በኋላ እንደማይገኝ ያለፈውም ሥራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ ከሸዋም ብዙዎች ተካተዋል። ፊልሞቹ ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ ሠርተውላቸዋል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ፊልሙን ዲጂታል ማድረግ ይቻላል፤ ቀዩን ከእርሱ ማውጣት አይቻልም።

አሁን ብዙ ስልኮች በ«ፕሮ» አሠራራቸው ጥሬ ምስል ዲኤንጂ በሚባል ፋይል ያስቀምጣሉ። ኪታብ ወይም ብራና የሚያነሳ ወጣት መጀመሪያ ይህን አሠራር ይክፈት። ፋይሉ ስለሚከብድ ሰፊ ሃርድ ዲስክ ያዘጋጅ። ለተመራማሪ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል፣ ለአንባቢ በፒዲኤፍ ይስጥ፤ ጥሬውን ግን ሁለት ቦታ ያኑር፤ አንዱን ከጽሑፉ ባለቤቶች ዘንድ።