የመስከረም ወጪ፣ የጥር ገቢ

በቀደመው ዘመን ዜማና ቅኔ ሊማር ከአባቱ ቤት የወጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ በሚያገኘው ቁራሽ ሲኖር፣ የትምህርቱን ወጪ ይሸከም የነበረው ወላጁ ሳይሆን የሄደበት አገር ምእመን ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ሸክሙ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተዛወረ። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን የወጪ መጋራት ሥርዓት ስለ ተደነገገ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ ውል ፈርሞ በዕዳ ይቀበልና፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል።

ብዙ ወላጅ ልጁ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ «ከእንግዲህስ መንግሥት ይዞታል» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ዳሩ ግን ከደሴ ተነሥቶ ጅማ፣ ወይም ከጎንደር ተነሥቶ አርባ ምንጭ ለሚሄድ ልጅ የአውቶቡሱ ዋጋ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱና የፎቶ ኮፒው ሁሉ በዚያ ውል ውስጥ አልተጻፉም። ከግቢው ምግብ ቤት መመገቡን ትቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበለው፣ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት ደግሞ፣ የገበያው ዋጋ ከተሰጠው ገንዘብ ሲበልጥ ጉድለቱን የሚጠይቀው ከቤቱ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት የወላጁ ጭንቀት የሚጸናው ከገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከወራቱ አለመገጣጠም ጭምር ነው። ገበሬው እህሉን ወቅቶ ጎተራ የሚያስገባው ከኅዳር እስከ ጥር ሆኖ ሳለ፣ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸኘው ክረምቱ ወጥቶ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰሞን ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ በእጁ የሚቀሩት ሁለት መንገዶች፣ አንድም በአራጣ መበደር፣ አንድም የእርሻ በሬውን መሸጥ፣ የከርሞውን ኑሮ የሚያናጉ ናቸው። ስለዚህ በጥር እህሉ ሲሸጥ ከገንዘቡ ከፍሎ ጥቂት ጠቦቶች ገዝቶ ማክረምና የበግ ዋጋ በሚወደድበት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሸጥ የአስተዋይ አባት ሥራ ነው። ደመወዝተኛውም እቁብ ሲገባ ከሰብሳቢውና ከአባላቱ ጋር ተመካክሮ ዕጣው በነሐሴ ወይም በጳጉሜን እንዲደርሰው ቢያደርግ፣ በመስከረም የማንንም ፊት አያይም።

ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ አስይዞ ከመስደድ በየወሩ ጥቂት ጥቂት መላክ ይሻላል፤ ዛሬ በስልክ በቴሌብር መላክ ስለሚቻል መንገደኛ መጠበቅ ቀርቷል።

ወላጆች ችግራቸውን ከልጃቸው የሚሰውሩት ከፍቅር የተነሣ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የቤቱን ገቢ በትክክል የተነገረው ልጅ የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ያልተነገረው ግን እናቱ የአንገቷን ሐብል ሸጣ የላከችለትን ገንዘብ ከትርፍ የተረፈ ይመስለዋል። ታናናሾቹን እንዲያስተምር የሚጠበቅበት በኩር ልጅም ገና ሥራ እንደ ያዘ የራሱ ዕዳ ከደመወዙ የሚቆረጥበት መሆኑ ሊታሰብለት ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የወጪ መጋራቱን ውል ልጃችሁ ብቻውን እንዲፈርም አትተዉት፤ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ አንዱን ግልባጭም ቤታችሁ አኑሩት።