የሚጣለው ሙቀት ዋጋ ሲያወጣ፤ የሄልሲንኪ ከተማ ያለ ድንጋይ ከሰል የምትሞቅበት ዘዴ

በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ፣ ከባሕሩ ዳር የቆመው የሳልሚሳሪ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 1 ቀን 2025 የድንጋይ ከሰል ማንደዱን አቆመ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የሐናሳሪ ጣቢያ ከዚያ 2 ዓመት አስቀድሞ ተዘግቶ ስለ ነበር፣ በመርከብ እየተጫነ ሲመጣ የኖረው የድንጋይ ከሰል ከከተማይቱ ገበያ ጨርሶ ወጣ። ነዋሪው ግን ቤቱ አልበረደበትም። ፊንላንድ ሕዝቧ በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች አንዷ በመሆኗ ስሟ ለላኪዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ አንድ ሸቀጥ በሌላ ሲተካ ዋጋውና አደጋው ወዴት እንደሚዞር ለማወቅ ለሚሻ ነጋዴ፣ የዋና ከተማዋ የሙቀት ንግድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

እንደ እኛ ባለ አገር ቤትን ማሞቅ ከትልቅ ወጪ የሚቆጠር ስላልሆነ፣ አስቀድሞ አሠራሩን መግለጽ ያስፈልጋል። በሄልሲንኪ ከመቶው ሕንፃ 90 ያህሉ የራሱ ምድጃ የለውም። በከተማው ማሞቂያ ጣቢያዎች የሞቀው ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደየሕንፃው ይሄዳል፤ በዚያም ሙቀቱን ለሕንፃው ውሃ አስረክቦ፣ ቀዝቀዝ ብሎ በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። የሚሄደው ውሃ እንደ ብርዱ መጠን ከ65 እስከ 115 ዲግሪ ይሞቃል። የመረቡ ርዝመት ከ1,300 ኪሎሜትር በላይ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው በቆጣሪ ተለክቶ ለተረከበው ሙቀት ነው እንጂ ለውሃው አይደለም።

ሙቀት እንግዲህ ሸቀጥ ነው፤ ነገር ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። እንደ ቡና በጆንያ ተከትቶ ባሕር አይሻገርም፤ በቧንቧም ቢሆን ከከተማ ዳርቻ ብዙ ቢርቅ ወጪው ትርፉን ይበላዋል። ደረጃውም የሚለካው በዲግሪ ነው። የ10 ዲግሪ ሙቀት በባሕርም በፍሳሽም ውስጥ እጅግ ብዙ ቢኖርም ገዢ የለውም፤ የ80 ዲግሪ ሙቀት ግን ገዢው ብዙ ነው። አዲሶቹ የሙቀት ምንጮች የሚያተርፉት ይህን ደረጃ በጥቂት ወጪ ከፍ ማድረግ ሲቻል ነው።

ከሰሉ የተተወበት ምክንያት የአየር ጠባይ አሳቢዎች ምክር ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም አስገድዷል። ፊንላንድ በካርቦን ላይ ቀረጥ የጣለችው በ1990 ሲሆን፣ በዚህም ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በኤውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልልቅ ጣቢያዎች ለሚያወጡት ለያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጭስ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ ይህም ፈቃድ በገበያ ይሸጣል፣ ይለወጣል። አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ሲነድ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በየካቲት 2023 የአንዱ ቶን ፈቃድ ዋጋ ከ100 ኤውሮ አልፎ ነበርና፣ በዚያ ዋጋ ፈቃድ የሚገዛ ሰው አንድ ቶን ከሰል ሲያነድ ከከሰሉ ዋጋና ከመርከብ ኪራዩ ሌላ ከ200 ኤውሮ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። በዚህም ላይ በ2019 የወጣው ሕግ የድንጋይ ከሰልን ለኃይልና ለሙቀት ማንደድ ከሜይ 1 ቀን 2029 ጀምሮ ከልክሏል። ከተማይቱ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ 4 ዓመት ቀድማ ወጣች።

ከሰሉን ከተኩት መሣሪያዎች ዋነኛው የሙቀት ፓምፕ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሱቁ ውስጥ የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ያለው ባለሱቅ እጁን ወደ ማቀዝቀዣው ጀርባ ቢያስጠጋ ሙቀት ይሰማዋል። ይህም ከጠርሙሶቹ የተወሰደው ሙቀት ሞተሩ ከፈጀው ኤሌክትሪክ ጋራ ተደምሮ የሚወጣበት ነው። በሄልሲንኪም ሥራው ያው ነው፤ በጠርሙሱ ፈንታ የተጣራ የፍሳሽ ውሃ አለ፣ በጀርባው ፍርግርግ ፈንታም የከተማው ቧንቧ። በጥቂት ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ ከፍሳሹ ሙቀት ወስዶ ይተናል፤ ኮምፕረሰሩ ትነቱን ሲጨምቀው ይግላል፤ ይህንንም ግለት ለቧንቧው ውሃ ይሰጣል። ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ 3 እጅ ያህል ሙቀት ይገኛል፤ የቀረውን 2 እጅ ያዋጣው ቀድሞ ወደ ባሕር ይፈስ የነበረው ፍሳሽ ነው።

ካትሪ ቫላ በሚባለው መናፈሻ ሥር፣ በዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው የዚህ ዓይነት ጣቢያ የተከፈተው በ2006 ነው። በ5 ማሽኖች ጀምሮ በኋላ ተጨማሪ ተተክሎለታል። በሙቀት ወራት እነዚሁ ማሽኖች መሥሪያ ቤቶችን የሚያቀዘቅዝ ውሃ ያዘጋጃሉ፤ ከሕንፃዎቹ የወጣውንም ሙቀት ወደ ማሞቂያው መረብ ያገባሉ። ስለዚህ ጣቢያው ቅዝቃዜውን ለአንዱ፣ ሙቀቱን ለሌላው ይሸጣል። ከአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ማትረፍ ሁልጊዜ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

እንደ ማንኛውም ንግድ ለዚህም መጋዘን ያስፈልጋል። በሙስቲካማ ደሴት ሥር ቀድሞ ከባድ የነዳጅ ዘይት ይከማችባቸው የነበሩት ዋሻዎች ዛሬ 260,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይዘዋል፤ ሲሞላም 11,600 ሜጋዋት ሰዓት ሙቀት ያስቀምጣል። ነፋስ በርትቶ ኤሌክትሪክ ሲረክስ በኤሌክትሪክ ቦይለሮች ውሃ ይሞቃል፤ ሲወደድ ከመጋዘኑ ይወጣል። በሰሜን ኤውሮፓ ገበያ የኤሌክትሪክ ዋጋ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወርዳል። በርካሽ ገዝቶ እስኪወደድ ማቆየት የጥንት የነጋዴ ሥራ ነው፤ ከእህል ጎተራ የሚለየው ውሃው ከቀን ወደ ቀን ስለሚበርድ ለብዙ ጊዜ ማቆየት አለመቻሉ ብቻ ነው። ብርዱ በርትቶ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ሳምንት ቢቆይ ኤሌክትሪክ ይወደዳል፤ መጋዘኑም ቶሎ ያልቃል። የከሰል ክምር ግን ወራት ይቆይ ነበር። ይህ የአዲሱ ዘዴ እውነተኛ ድካም ነው።

እንጨት የሚነደውም ለዚህ ጊዜ ነው። በቩኦሳሪ የተሠራው በተከተፈ እንጨት የሚሞቅ ጣቢያ በ2023 መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። በእንጨቱ ረገድ ግን ሁለት ነገር መመልከት ይገባል። መጀመሪያ፣ ፊንላንድ ብዙ እንጨት ከሩሲያ ታስገባ ነበር፤ በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ይህ ንግድ ሲቋረጥ የአገር ውስጡ የእንጨት ገበያ ተሻማ፣ ዋጋውም ናረ። ሁለተኛ፣ ሕጉ የእንጨትን ጭስ ከዜሮ የሚቆጥረው ዛፉ ተመልሶ ይበቅላል ብሎ ነው። በሰሜን ብርድ የተቆረጠ ዛፍ ግን የሚተካው በብዙ ዐሥርት ዓመታት ስለሆነ፣ ይህን ሒሳብ የማይቀበሉ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። እንጨቱን ለብርቱ ብርድ ቀን ማስቀመጥ እንጂ የዘወትር ማገዶ ማድረግ ብልኅነት አይመስለንም።

የከርሰ ምድር ሙቀትስ? በአይስላንድ የሬይክያቪክ ከተማ የፍል ውሃን በቧንቧ ወደ ሕንፃዎች መላክ የጀመረችው በ1930 ነው፤ ዛሬም የአይስላንድ ቤት ከ10ሩ 9ኙ በዚሁ ይሞቃል። የአዲስ አበባን ፍልውሃ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይደንቀው ይሆናል። ፊንላንድ ግን በቀዝቃዛ ዐለት ላይ የተቀመጠች አገር ናት። በሄልሲንኪ ጎረቤት በኤስፖ አንድ ኩባንያ ከ6 ኪሎሜትር በላይ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቢቆፍርም፣ ውሃው በዐለቱ ውስጥ በሚፈለገው መጠን ሊያልፍ ስላልቻለ ሥራው ለንግድ አልበቃም። ከተፈጥሮ ጋራ የማይስማማ ምንጭ ገንዘብ በማፍሰስ ብቻ አይገኝም።

አሁን ብዙ ወሬ የሚነገርለት የመረጃ ማእከላት ሙቀት ነው። ኮምፒዩተሮች በብዛት የሚሠሩባቸው እነዚህ ቤቶች የሚወስዱት ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት አይቋረጥም። በ2022 ፎርተም የተባለው የፊንላንድ የኃይል ኩባንያና ማይክሮሶፍት በኤስፖ አካባቢ ይህን ሙቀት ለከተማ ማሞቂያ ለማዋል መስማማታቸውን አስታውቀዋል። ሆኖም ውሉን የሚያዋውል ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል። የቧንቧው መረብ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚተከል ሲሆን፣ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ንግዱ ካልቀናው ቤቱን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱን ማን በምን ዲግሪ እንደሚያስረክብ፣ ቢቋረጥ ማን በምን እንደሚተካው፣ የፓምፑን ኤሌክትሪክም ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በውሉ መጻፍ አለበት።

ደንበኛው በበኩሉ ሙቀት ሻጩን እንደ ሱቅ አይለውጥም፤ በደጁ የሚያልፈው ቧንቧ አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም መውጫ መንገድ አግኝቷል። ብዙ የሕንፃ ባለቤቶች በግቢያቸው ጥቂት መቶ ሜትር አስቆፍረው፣ የራሳቸውን ፓምፕ ተክለው ከመረቡ እየወጡ ነው። አንዱ በወጣ ቁጥር የቧንቧው ወጪ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ የከተማው ኩባንያ የሙቀቱን ዋጋ ሲወስን የከሰሉን ቀረጥ ማሰቡ ቀርቶ የጉድጓድ ቆፋሪውን ዋጋ መመልከት ግድ ሆኖበታል።