መሬት ሲያንስ አገልግሎት እንደ ማሳ፦ ከአውራ አምባ የሚገኝ ትምህርት

ከዋና መንገድ ርቀው በሚገኙ ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች የምንሠራ የልማት ሠራተኞች ዘወትር የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «መሬቱ አልበቃንም፤ ታዲያ በምን እንደግ?» የሚል ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የማሳን ምርት ያሳድጋሉ እንጂ ማሳውን አያሰፉትም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሕዝቡ ራሱ አቋቁሞ የሚያስተዳድራቸው አገልግሎቶች የገቢ ምንጭ ሊሆኑ የሚችሉበትን መንገድ እንመለከታለን።

ችግሩ የወለደው ሥራ

አውራ አምባ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ማኅበረሰቡ በዙምራ ኑሩና ሐሳባቸውን በተቀበሉ ገበሬዎች በ1964 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አባላቱ በደረሰባቸው ጫና ቀያቸውን ለቀው ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ለእርሻ ያገኙት መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ይህ መሬት በመቶዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ቀለብ አይሆንም።

በመሆኑም ወደ ሽመናና ወደ እህል ወፍጮ ፊታቸውን መለሱ። ሱቅና የእንግዳ ማረፊያም ተጨመረ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የወፍጮው ደንበኞች የማኅበሩ አባላት ብቻ ሳይሆኑ የአካባቢው ገበሬዎችም ናቸው። አባላቱ ብቻ የሚገለገሉበት ወፍጮ ድካምን ያቀላል፤ ጎረቤት የሚከፍልበት ወፍጮ ግን ከውጭ ገንዘብ ያመጣል።

ከዚሁ ጋር የሕፃናት ማቆያ፣ ቤተ መጻሕፍትና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ተቋቁመዋል። በሳምንት አንድ ቀን አባላቱ የሚሠሩት ሥራ ገቢው ለችግረኞች መርጃ ይውላል። ሥራውም በጾታ ሳይሆን በችሎታ ይከፋፈላል፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድም ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። ስለዚህ በልማድ ምክንያት ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ጉልበት የለም።

ለሌሎች ማኅበራት የሚጠቅመው

አውራ አምባን እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም። የዓመቱን ትርፍ እኩል የመካፈል ደንባቸው ከራሳቸው እምነትና ስምምነት የመነጨ ነው። የሚከተሉት ነጥቦች ግን ለማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር ይጠቅማሉ።

1. አገልግሎት ከመምረጣችሁ በፊት በገበያ ቀን መንገድ ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። ስንት ሰው እህል ተሸክሞ ወደ ሌላ ከተማ ያልፋል? ጨው፣ ሳሙናና ናፍጣ ከየት ይገዛል? ሕዝቡ ገንዘቡን የሚያወጣበትን ቦታ ያላወቀ ማኅበር ሱቁን ለአቧራ ይከፍታል።

2. የጥገናን ገንዘብ ከትርፍ በፊት ለዩ። ቺንጊያ ይበጠሳል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ የወፍጮ ድንጋይም ያልቃል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ብር ገቢ 60 ብሩ ለናፍጣና ለሠራተኛ ደመወዝ ቢውል፣ የቀረው 40 ብር ሁሉ ትርፍ አይደለም። የመለዋወጫና የአዲስ ሞተር መግዣ ድርሻ ከዚያው ላይ ተነስቶ በባንክ መቀመጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ ወፍጮው አንድ ቀን ይቆማል፤ እናቶችም እንደ ቀድሞው እህሉን በጀርባቸው አዝለው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ደንበኛም አንዴ መንገዱን ከለወጠ ቶሎ አይመለስም።

3. ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የወሩ ገቢና ወጪ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችል አባልም ይስማ፣ ይጠይቅ።

4. ለአረጋውያንና ለሕሙማን የሚሰጠው እርዳታ መጠኑ አስቀድሞ ይወሰን። እርዳታው ከየዕለቱ የወፍጮ ገንዘብ እየተቆነጠረ ከተሰጠ ወፍጮውም እርዳታውም አብረው ይወድቃሉ። የተለየ የሥራ ቀን መመደብ አንዱ ጥሩ ዘዴ ነው።

የልማት ሠራተኛው ድርሻ

ወፍጮውን የሚያስተዳድረው ሕዝቡ ነው። የእኛ ሥራ ሒሳብ አያያዝን ማስተማር፣ የመለዋወጫ ዕቃ የሚገኝበትን ቦታ መጠቆምና ስብሰባው በጊዜው መካሄዱን መከታተል ነው። በየወረዳችሁ አንድ ማኅበር መርጣችሁ የወፍጮውን ወይም የሱቁን የአንድ ዓመት ሒሳብ ከአባላቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ መርምሩ። ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ፣ ሌላ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ሥራችሁ ከዚያ ይጀምር።