ትንሿ ሞተር ሳይክል በአያት ከፍታ

የሞተሯ ይዘት ከ50 እስከ 125 ሲሲ የሆነ፣ ጎማዋም ከአዋቂ ሰው ጉልበት በታች የሚቀር ሞተር ሳይክል በዓለም ገበያ ራሷን የቻለች ዘርፍ ናት፤ ሲሲ የሚባለው ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠርገው ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲለካ ነው። የዘርፉ ቀዳሚ ተደርጋ የምትቆጠረው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1961 ታማ ቴክ ለተባለው የጃፓን መዝናኛ ስፍራ የሠራት ዜድ 100 ስትሆን፣ ይህች ባለ 49 ሲሲና ባለ 5 ኢንች ጎማ ማሽን ለልጆች መጫወቻ ታስባ ብትሠራም አዋቂዎችም ወደዷት፤ መንኪ በሚል ስም ታውቃ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመንገድ አገልግሎት በጃፓን ለሽያጭ ቀረበች። ሞተሯ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1958 ከወጣችው ሱፐር ከብ ነበር። ይህ ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ የሞተር ዓይነት በኋላ በቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ስለተቀዳ፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው የሚገጥምበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ዕቃ እየቀየሩ አቅም የመጨመር ልማድም የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከውጭ የሚመጡት የማሻሻያ ዕቃዎችና መመሪያዎች ግን በአብዛኛው የተሰሉት ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ አካባቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር መስመር ምሥራቃዊ መነሻ የሆነው አያት የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይቀልላል። ቤንዚን የሚነድደው ከአየሩ በሚያገኘው ኦክስጅን ስለሆነ፣ አየሩ በሩብ ሲሳሳ የሞተሩም ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በፋብሪካ ወረቀቱ 8 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 125 ሲሲ ሞተር አያት ላይ ከ6 እምብዛም አይዘልም፣ ማለትም እንደ 95 ሲሲ ሞተር ይሠራል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ዕቃ ከመግዛት በፊት ሞተሩ ላለበት አየር መስተካከሉ መታየት አለበት፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው።

ካርቡራተር አየርና ቤንዚንን የሚያደባልቅ ክፍል ሲሆን፣ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ጨምሮ ግፊቱ ስለሚወርድ ከሥር ካለው ጎድጓዳ ማጠራቀሚያ ቤንዚን ይመጥጣል። የሚመጠጠውን መጠን የምትወስነው ጄት የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የናስ ብሎን ናት፤ መሐሏ ላይ ቀዳዳ፣ ጎኗ ላይ ቁጥር አላት፤ ብዙ አምራቾች ዘንድ 100 የሚለው ቁጥር ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ችግሩ አየሩ ሲሳሳ የሚመጠጠው ቤንዚን በእኩል አለመቀነሱ ነው፤ አየሩ በክብደት 25 በመቶ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በ13 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር በሚለው ቀመር ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ከፍታው ላይ ሲደርስ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይይዛል። ይህ ትርፍ ሳይነድ በጭስ መልክ ይወጣል፣ ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ያጠቁራል፣ ሞተሩም ጋዝ ሲሰጠው ይታፈናል።

መፍትሔው የቀዳዳውን ስፋት በዚያው ልክ መቀነስ ነው። ስፋቱ በ13 በመቶ እንዲቀንስ የመሐል መስመሩ በ7 በመቶ ቢያንስ ስለሚበቃ፣ 100 ቁጥር የነበረውን በ92 ወይም በ95 መተካት ከልኩ ያቀርባል። ውጤቱን የሚናገረው ካንዴላው ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ረዘም ያለ ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ከተነዳ በኋላ ወዲያው ጠፍቶ ካንዴላው ሲፈታ፣ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ አሁንም በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ከነጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል። አዲስ ጄት ከመግዛት ይልቅ የነበረውን በሽቦ መጎርጎር መጥፎ ልማድ ነው፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ በጎኑ የተጻፈው ቁጥር ምንም አይነግርም። ለአያት የተስተካከለችው ሞተር ሳይክል ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ወደ አዋሽ ብትወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚቀበሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደወጣችው 125 ሲሲ መንኪ ያሉት፣ የአየሩን ግፊት በራሳቸው እየለኩ ስለሚያስተካክሉ ይህ ሁሉ አያሳስባቸውም።

ሁለተኛው ርካሽ ለውጥ ካቴናው በሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ላይ የሚደረግ ነው። የፊቱ 14 ጥርስ የነበረው በ13 ሲተካ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው የማዞር ኃይል በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በወረቀት ሲታይ ከፍተኛው ፍጥነት በ7 በመቶ ይቀንሳል፣ ሆኖም በከፍታ ላይ የደከመ ትንሽ ሞተር የመጨረሻውን ማርሽ ቀድሞውንም መጎተት ስለሚያቅተው በተግባር የሚታጣው ፍጥነት ከዚያ ያነሰ ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚጀምሩት ግን ከማርሚታ፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው ነው። ክፍት ማርሚታ ለብቻው ሲገጠም በዚህ መጠን ባለ ሞተር ላይ የሚጨምረው ኃይል እጅግ ጥቂት ሲሆን የሚጨምረው ድምፅ ግን የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ የሚመሰክርለት ነው። የአየር ማጣሪያውን አውልቆ በክፍት መተካት ከዚህም የባሰ ነው፤ ግንባታ ባልተቋረጠበትና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ በበጋ አቧራ በሚያነሳበት አካባቢ፣ ሳይጣራ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ የሲሊንደሩን ግድግዳና ፒስተኑን የሚከቡትን ቀለበቶች እየፋቀ የተገኘችውን ጥቂት ኃይል ከነነባሩ ይወስዳል።

እውነተኛ ጉልበት የሚገኘው ሲሊንደሩን በማስፋት ነው። የ49 ሲሲዋ መንኪ ሲሊንደር ወርዱ 39፣ የፒስተኑ ጉዞ 41.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጉዞው ሳይነካ ወርዱ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ይዘቱ 88 ሲሲ ይደርሳል፤ ይህም ከፍታው የወሰደውን መልሶ ከዚያም አልፎ ይሰጣል። ወጪው ግን በሲሊንደርና በፒስተን አያበቃም፤ ለትንሽ ጉልበት የተሠራው ፍሪሲዮን መንሸራተት ይጀምራል፣ ካርቡራተሩም ጠባብ ሆኖ ይገኛል። የእመቃ ምጣኔን፣ ማለትም ድብልቁ ከመንደዱ በፊት በሲሊንደሩ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየውን ቁጥር፣ በተመለከተ ግን ከፍታው ለአንዴም ቢሆን ይጠቅማል፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ስስ ስለሆነ 9 ለ 1 የነበረውን ወደ 10 ለ 1 ማሳደግ በባሕር ዳርቻ የሚያስከትለውን ያህል የማንኳኳት ስጋት፣ ማለትም ድብልቁ ያለጊዜው የመፈንዳት አደጋ፣ አያት ላይ አያስከትልም።

ፍጥነት በሰዓት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት በ1.8 እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከሲሊንደሩ በፊት ፍሬኑ መቀየር ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ትንሽ ጎማ በኮብልስቶን መጋጠሚያና በጉድጓድ ውስጥ ከትልቅ ጎማ ይልቅ ቶሎ እንደሚገባ ሲታሰብ ነገሩ ይከብዳል። የሕጉም ጉዳይ አለ፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ስለገደበ፣ ሰሌዳ የሌላት ትንሽ ሞተር ሳይክል ቦታዋ የግል ግቢ ነው፤ ሰሌዳ ያላትም ብትሆን ሞተሯ ከተቀየረ በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር አትገጥምም።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ትኩረት ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይፈልግ በከፍታ ኃይሉን አያጣም፤ ማሻሻሉም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጅረት የሚቆጣጠረውን ክፍል በመቀየር ይከናወናል፣ ለምሳሌ በ60 ቮልት ላይ ጅረቱ ከ20 ወደ 30 አምፔር ሲያድግ ኃይሉ ከ1,200 ወደ 1,800 ዋት ይደርሳል። ይሁንና በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በጅረቱ ልክ ሳይሆን በጅረቱ ስኩዌር ስለሚያድግ በዚሁ ለውጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ያን ሙቀት ጠርጎ መውሰድ ያለበት የአያት አየር ደግሞ ያው ሩቡ የጎደለው ነው።