መስገጃዋ ደሴት፦ በፔምባ መድረሳዎች ስለ ባሕር የተሰጠው ትምህርት

ልጆቻችሁ ሱረቱ አር-ራሕማንን ሲቀሩ ከሁለቱ ባሕሮች ሉልና መርጃን እንደሚወጣ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ደርሰው «መርጃን ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ? አገራችን ወደብ አልባ በመሆኗ ጥያቄው ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ይመስለኛል። ብዙ ተርጓሚዎች ኮራል ብለውታል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት ተጠጋግተው እየኖሩ፣ ከባሕሩ ውኃ በሚያገኙት ማዕድን እንደ ኖራ ድንጋይ የጠነከረ ቤት ይሠራሉ። በሰውነታቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠልለው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል። አንዱ ትውልድ በሌላው ላይ ሲገነባ በብዙ ዘመን ትልቅ ግንብ ይሆናል። ሱብሐነላህ! ዓሣው የሚራባውና የሚሸሸገው በዚሁ ግንብ ጉድጓዶች ውስጥ ነው።

ይህን ለልጆች እንዴት እናስተምር ለሚል ሰው በዛንዚባር ያሉ ወንድሞቻችን ያደረጉት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፔምባ ደሴት በስተ ምዕራብ ሚሳሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን ዙሪያዋን በከበባት የኮራል ግንብ ከ300 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ በአሸዋዋ ላይም የባሕር ኤሊዎች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። የአካባቢው ሰዎች ስለ ስሟ ሲያወሩ ኸድር (ዐ.ሰ) ወደዚያ መጥተው መስገጃ ጠየቁ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲያጡ ወደ ቂብላ የዞረችውን ደሴት ራሷን መስገጃቸው አደረጉ ይላሉ። ይህ እንግዲህ የሕዝብ ትረካ እንጂ ማስረጃ ያለው ዘገባ አይደለም። ቢሆንም ሰዎቹ ደሴቲቱን በምን ዓይን እንደሚያዩዋት ያሳያል።

ከአንድ ሺህ በላይ ዓሣ አጥማጆች ከእነ ቤተሰቦቻቸው በዚህች ውኃ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ሆቴል መሥሪያ ልትሰጥ ነው ሲባል አጥማጆቹ ተቃወሙ፤ በ1998 ደግሞ ጥብቅ ቦታ ሆነች። ችግሩ ግን ከውጭ ብቻ አልመጣም። ዓሣ እየቀነሰ ሲሄድ አንዳንዱ ቀዳዳው የጠበበ መረብ መጣል፣ አንዳንዱም ድማሚት ማፈንዳት ጀምሮ ነበር። ድማሚት በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ያንሳፍፋል። ነገር ግን የኮራሉን ግንብ ይሰባብረዋል፤ ቤቱ የፈረሰበት ዓሣ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይገኝም። የገዛ ልጅን ምግብ አስቀድሞ መብላት ነው።

መንግሥት ሕግ አወጣ፤ በራሪ ጽሑፍም ተበተነ። ብዙም አልሠራም። ጠባቂው በሌለበት ሌሊት ማን ያያል? ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1999 መቀመጫው እንግሊዝ አገር የሆነ፣ ፋዝሉን ኻሊድ የመሠረቱት የእስልምናና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ሞከረ። ኢማሞችን፣ የመድረሳ ኡስታዞችንና ዓሣ አጥማጆችን ሰብስቦ ቁርአንን ይዞ ስለ ባሕሩ አነጋገራቸው። አዲስ ሃይማኖት አልመጣላቸውም፤ ቃሎቹን ሁሉ ያውቋቸዋል። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ ነው፣ የተሰጠው አማና ነው፣ ኢስራፍ የተከለከለ ነው፣ በራሪዎችና ተንቀሳቃሾች ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች ናቸው፣ በየብስና በባሕር ፈሳድ የታየው በሰዎች እጅ ሥራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን መከልከላቸውን ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ታዲያ ከሚሳሊ ውኃ አንዱን ክፍል ማንም እንዳያጠምድበት መተው ለአጥማጁ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል? ከአጥማጆቹ መካከል የመንግሥትን ሕግ ችላ ማለት ቀላል ነው፣ የአላህን ሕግ ግን እንዴት አድርገን እንጥሳለን ያሉ ነበሩ።

በዚያው በፔምባ ሌላም ትምህርት አለ። ከፔምባ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ አለ። ደሴት ላይ የሚኖር ፍጡር እንዲህ ነው፤ እዚያ ካለቀ አለቀ፣ ከሌላ ቦታ አይመጣም። ሕዝቡ ለሥጋው ያድነው፣ ደኑንም ይመነጥር ስለነበር በ1990ዎቹ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ በየመንደሩ የጥበቃ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ለትምህርት ቤት ልጆች ወፉ የዛፍ ዘር ተሸክሞ እንደሚበትን፣ አበባም እንደሚያዳቅል ተነገራቸው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ከ20,000 በላይ ደረሰ፤ በዓለም አቀፉ መዝገብም ከከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ወደ ቀለል ያለው ደረጃ ተዛወረ። አልሐምዱ ሊላህ።

ልጆችን ስናስተምር ግን ሁሉም ነገር በእነሱ እጅ እንደሆነ አድርገን ባንነግራቸው ጥሩ ነው። በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሲሞቅ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞተ። ውኃው ከለመደው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ የሚመግበውን አልጌ ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ነጭ ሆኖ ይራባል። በ2024ም የዓለም ባሕሮች ለአራተኛ ጊዜ በዚሁ ዓይነት ሰፊ መንጣት ላይ መሆናቸው ይፋ ሆኗል። ይህን የሚያመጣው ከየፋብሪካውና ከየመኪናው የሚወጣው ጭስ ነው፤ የፔምባ አጥማጅ ደግሞ መኪና እንኳ የለውም። እሱ የሚችለው ድማሚቱን መተው፣ አልጌ እየጋጠ ግንቡን የሚያጸዳውን ዓሣ መማር ነው። ያልተሰባበረና ዓሣ የሞላበት ግንብ ከሙቀት በኋላ ቶሎ የማገገም ዕድል አለው።

ልጃችሁ መርጃን ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ እንግዲህ ጌጥ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ሕያው መሆኑን፣ ምን እንደሚበላና ማን በውስጡ እንደሚኖር ንገሩት።