ግሸን ሜዳ አይደለችም

የእጅ ስልክ ለመደወል በተለምዶ ማማ ያስፈልገዋል። አድሆክ የሚባለው ኔትወርክ ግን ማማ አይጠብቅም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መልእክት ይልካል፣ የጎረቤቱንም ያሳልፋል። ሴንሰር ኔትወርክ የዚሁ ዘመድ ነው፤ እርጥበት ወይም ሙቀት የሚለኩ ባለባትሪ መሣሪያዎች ልኬታቸውን እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። በየት በኩል ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ራውቲንግ ፕሮቶኮል ነው። መሠረቱን ማጥናት የሚፈልግ ዋልተንጉሥ ዳርጌ ከክርስቲያን ፖላባወር ጋር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን መጽሐፍ ይያዝ፤ እኔ ወደምወደው ፕሮቶኮል ልለፍ።

የምወደው ኤኦዲቪ ነው፤ መግለጫው በ2003 ወጣ። መንገድ አስቀድሞ አያከማችም፣ ሲፈልግ ብቻ ይጠይቃል። መስከረም 21 በግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ላይ ዘመዷ የጠፋባት ምእመን እንደምታደርገው ነው፤ አጠገቧ ያለውን ትጠይቃለች፣ እሱም ቀጥሎ ያለውን፤ ያየ ሰው ሲገኝ መልሱ ጥያቄው በመጣበት ይመለሳል። ጥያቄው ቁጥር ስላለው ሁለቴ የሰማው መሣሪያ ሁለተኛውን ይጥለዋል።

ድክመቱ አጭር መንገድ መውደዱ ነው። ቅብብሉ ያነሰውን መንገድ ይመርጣል፤ አብዛኛው ተጠቃሚም ይህንን ትክክል ይለዋል። አይደለም! በዋይፋይ ጥያቄው ትንሽ ነው፣ ለሁሉም የሚበተን ስለሆነም በዝቅተኛ ፍጥነት ይላካል፤ ስለዚህ ሩቅ ይሰማል። ከኋላው የሚመጣው ዋናው መረጃ ትልቅና ፈጣን ነው፤ በዚያው መስመር ሲላክ መንገድ ላይ ይቀራል። በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ጥያቄው ደርሶ መረጃው የማይደርስበትን ክልል በ2002 ግራጫ ቀጠና አሉት። በቀጣዩ ዓመት ኤምአይቲ ያሉ ሰዎች መፍትሔ አመጡ፦ ቅብብል መቁጠር ትታችሁ፣ አንድ መልእክት እስኪደርስ በአማካይ ስንቴ እንደሚላክ ቁጠሩ። መልእክቱም ማረጋገጫውም ግማሽ ግማሹን ጊዜ ብቻ የሚደርሱበት አንድ መስመር 4 ሙከራ ይበላል። እንከን የሌላቸው ሦስት ቅብብሎች 3 ብቻ ይበላሉ። ረጅሙ አሸነፈ ማለት ነው።

ይህን የማያምን ሰው ብዙ ጊዜ ሲሙሌተር ብቻ የሚያውቅ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ልሙጥ ሜዳ ይዘረጋል፣ በየመሣሪያው ዙሪያ ክብ ይሥላል፣ ከክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል ይላል። በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ እነ ዴቪድ ኮትዝ በ2003 ይህንን ልማድ በጽሑፍ ተችተውታል፦ ዓለም ሜዳ አይደለም፣ የሬዲዮ ክልል ክብ አይደለም፣ እኔ ስሰማህ አንተ ትሰማኛለህ ማለትም አይደለም። እኔ ደግሞ ተመራቂ ተማሪዎቻችንን አምባሰል ውጡ እላለሁ። ከግሸን ገደል አፋፍ ላይ ያለ መሣሪያና ከሥሩ ያለው በካርታ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ዐለት ቆሟል። ማዶ ካለው ሸንተረር የሚመጣው ከሩቅ ቢመጣም ጥርት ብሎ ይሰማል። አምባዋ የመስቀል ቅርጽ ስላላት ከአንዱ ክንድ ጫፍ ወደ ጎረቤቱ ጫፍ ሰው በመሐሉ ዞሮ ይሄዳል፤ ሬዲዮው በገደሉ ላይ ተሻግሮ ይደርሳል። በዚህ መልክዓ ምድር ላይ ክብ የሚሥል ሰው ምን እንደሚለካ አላውቅም።

ለሴንሰሮች በ2012 የጸደቀው አርፒኤል የተባለ ፕሮቶኮል ትምህርቱን ወስዷል፤ የሙከራውን ብዛት እንደ መለኪያ መጠቀም ያስችላል። ይሁንና መለኪያው ራሱ በሰዓቱ መለካት አለበት። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚጠቀሙበትን 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፣ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ በየካቲት በባዶ አምባ ላይ ተለክቶ ጥሩ የተባለ መስመር፣ መስከረም 21 ምእመናኑ መተላለፊያውን ሲሞሉት ያው መስመር አይሆንም፤ የተመራቂዎቹ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ የሚገባው የሁለቱም ቀን ልኬት ነው።