ተረትና እውነታ፦ ቤተ እስራኤል የዳኑት በአውሮፕላን ብቻ ነው?

ስለ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው አውሮፕላኑ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ መንገደኛ ጫነ። ይህ እውነት ነው። ታሪኩን በሙሉ ከዚህ የሚጀምር ግን ብዙ ይስታል።

«እስራኤል መጥታ ወሰደቻቸው» የሚባለውን እንይ። ከ1983ቱ ጉዞ በፊት በነበሩት ዓመታት የወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ሱዳን የገቡት በእግራቸው ነው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሹ ድንበር ተሻገሩ። ለአዋሽና ለሰመራ ነዋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጅቡቲ መንገድ ዳር ውኃ አንጠልጥለው በሐሩሩ የሚጓዙ ወጣቶችን ያያል። የቤተ እስራኤል ጉዞ ግን የወጣት ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯና ቄሱ ሁሉ አብረው ነበሩ።

መንገዱን ከከፈቱት አንዱ የትግራዩ መምህር ፈረደ አክሉም ነው። ደርግ ሲያሳድደው ሱዳን ገባ፤ ከዚያ የእርዳታ ጥሪ ላከ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰው ፈልጎ አገኘው። ከዚያ በኋላ ፈረደ ለወገኖቹ «ኑ፣ መንገድ አለ» ብሎ መልእክት ሰደደ። ሞሳድ በሱዳን በኩል ሥራውን የጀመረው እንዲህ ቀድሞ በወጣ ሰው ጥሪ ነው።

ዋጋው ከባድ ነበር። በመንገድ ላይና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎች በበሽታ፣ በረሃብና በዘራፊ እጅ አለቁ። አይሁድነታቸው እንዳይታወቅ ተደብቀው ይኖሩ ስለነበር ሐዘናቸውን እንኳ በግልጽ ማድረግ አልቻሉም። ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ያጓጓዛቸው «ዘመቻ ሙሴ» የጀመረው ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ወሬው ሾልኮ በመውጣቱ ታኅሣሥ 27 ቀን ተቋረጠ። በርካታ ቤተሰብ ግማሹ እስራኤል ገብቶ፣ ግማሹ ወደ ኋላ ቀረ።

ሌላው የተለመደ አባባል «የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው ያሰደዳቸው» የሚለው ነው። ረሃቡ አባባሰው እንጂ አልጀመረውም። ለዘመናት ርስት የተነፈጉ ጭሰኞች ነበሩ፤ በ1967 የመሬት አዋጅ መሬት ሲያገኙ የቀድሞ ባለርስቶች ጥላቻ ተከተላቸው፤ በኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) እና በደርግ ጦርነት መካከል ተያዙ፤ በኋላም ዕብራይስጥ ማስተማር ያሳስር ጀመር። ከዚህ ሁሉ በላይ የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነበረ። በየዓመቱ በስግድ ቀን ጾመው ተራራ የሚወጡት ለዚህ ነበር። ይህን ወደ ጎን ትቶ ረሃብን ብቻ ማንሣት ሃይማኖታቸውን መካድ ይመስለኛል።

«እዚያ ከደረሱ በኋላ ተደላደሉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ገና እንደደረሱ አይሁድነታቸው ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ በ1978 ዓ.ም. መግቢያ በኢየሩሳሌም በራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1988 ዓ.ም. የለገሱት ደም በስውር ሲጣል መቆየቱ ተጋለጠ፤ ሺዎች አደባባይ ወጡ። አዲሱን ሕይወት የሠሩት እንዲህ እየታገሉ ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ መሰለ የመጀመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የፓርላማ አባል ሆነ። ስግድ በ2000 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ። በሕፃንነቷ ወደ ሱዳን የተሰደደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ሚኒስትር ሆና ተሾመች።

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የጎንደር ልጆች፣ በወለቃና በአምቦበር የቤተ እስራኤል ጎረቤት የነበሩ አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉ። ለክረምት ስትመለሱ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።